ማሙሽ ኦፕራሲዮን ከመግባቱ በፊት ዕቃቃ ተጫወቱ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሙቀቱ ከብዷል፣ እኔም የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ይህን የምጽፍልሽ ከሥራ ገብቼ ሚጣ ሳትነሳ ነው።

የማሙሽ ቶንሲል ነሐሴ 20 ሊወጣ ነው ካልሽኝ ጀምሮ ሐሳቤ እናንተ ጋ ነው። በቴሌግራም ቮይስ ልልክልሽ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት። ነገሩ ረጅም ነው፣ ደግሞ እሱ ሁልጊዜ ጉያሽ ውስጥ ስለሆነ ይሰማል። ስለዚህ እሱ ሲተኛ አንብቢው፣ ለእማዬም አንብቢላት።

እሁድ ስንደዋወል ከኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ። «ዝም ካላልክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል!» የሚል። ማን እንዳለው አልጠይቅሽም፣ እኛም ያደግነው እንደዛ ነው፣ መጀመሪያ አያ ጅቦ መጣልሽ ነበር፣ ትንሽ ከፍ ስንል አያ ጅቦን ትተው በመርፌ ያስፈራሩን ጀመር። ማሙሽ ግን ወዲያው ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ነው ያስደነገጠኝ። ልጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ሲያስፈራሩት የኖሩበት ሰው እጅ ላይ ሊተኛ ነው እኮ!

ይህን የምልሽ ልውቀስሽ ብዬ አይደለም። በራሴ ልጅ ላይ የደረሰውን ለማንም በደንብ ነግሬ ስለማላውቅ ነው።

ሚጣ አራት ዓመቷ ላይ ተቅማጥና ትውከት ይዟት ውሃዋ አልቆ እዚሁ ቅርባችን ያለ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። ግሉኮስ መሰቀል ነበረበት። ደም ሥሯ አልገኝ አለ። አንዷ እጇን፣ አንዱ ትከሻዋን፣ ሌላዋ ጭንቅላቷን ያዙ። እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። «አያምም፣ አያምም» እያልኩ ነበር። ሦስቴ ተወጋች። በሦስተኛው ላይ መጮኋን አቁማ ዝም ብላ አየችኝ፣ እና እህቴ፣ ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ግሉኮሱ አድኗታል፣ እሱን አልክድም። ግን ከዚያ በኋላ ለወራት ጥፍሯን እንኳን ማስቆረጥ አቃታት። ፕላስተር ስታይ ታለቅሳለች። የባሰው ደግሞ እኔ የሥራ ልብሴን ለብሼ ስወጣ አልጋ ሥር መግባቷ ነበር። የሐኪም ቤት ልብስ ነዋ። ኪችን ውስጥ በተራ ልብስ ቁርሷን አብልቼ፣ ሥራ ቦታ ደርሼ መቀየር ጀመርኩ።

አምስት ዓመት ሲሞላት እምብርቷ ላይ የቀረው ቡአ ኦፕራሲዮን ይደረግ ተባለ። በዚህ ጊዜ የሄድነው ሌላ ቦታ፣ የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ለቀጠሮው ከአሥር ቀን በፊት ጠሩንና አንዲት ሴት መጥታ ወለል ላይ ተቀመጠች። ነጭ ጋውን የለ፣ ምን የለ። ቻይልድ ላይፍ ስፔሻሊስት ነኝ አለች። ሥራዋ ልጆችን በጨዋታ ለሕክምና ማዘጋጀት ነው፣ ተምረውበት፣ ፈተና ተፈትነው የሚገቡበት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሁ፣ አዋቂዎች ክፍል ስለሆንኩ ይሁን እንጃ፣ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሚጣ ከኋላዬ ተደበቀች። ሴትዮዋ አልጠራቻትም። ፊት የሌላት ነጭ የጨርቅ አሻንጉሊት አውጥታ «ይቺ ልጅ ዓይን የላትም፣ ማን ይሥራላት?» ብላ እስክሪብቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ሚጣ ወጣች። ዓይን ሠራች፣ አፍ ሠራች፣ ሹሩባም ጨመረችላት። ከዚያ ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፈተች፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ እጅ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ፣ ፕላስተር፣ ማደንዘዣ የሚሰጥበት ማስክ። መጫወቻ አይደለም፣ እውነተኛው ዕቃ ነው። ሚጣ እያንዳንዱን ነካች፣ አሸተተች፣ ላስቲኩን ሳበች። ሲሪንጁን ውሃ ሞልታ ፊቴ ላይ ረጨችብኝ። ከዚያች ክፉ ቀን በኋላ ሲሪንጅ ይዛ ስትስቅ ሳይ እንባዬ መጣ።

ቀጥሎ ዶክተር ሆነች። አሻንጉሊቷን ወጋቻት። ፕላስተር ለጠፈችላት። እንደገና ወጋቻት። ሰባቴ ነው የቆጠርኩት! እኔ «በቃ፣ ተይ» ልል ስል ሴትዮዋ በእጇ ዝም በይ አለችኝ። ያኔ የተደረገባትን አሁን እሷ እያደረገች፣ ፍርሃቷን በእጇ እያገላበጠች ነው አለችኝ። ስምንተኛው ላይ ሚጣ ወደ አሻንጉሊቷ ጎንበስ ብላ «ማልቀስ ትችያለሽ፣ እጅሽን ብቻ እንዳታንቀሳቅሺ» አለቻት። ይህን ቃል ሴትዮዋ ቀደም ብላ አንዴ ብቻ ነበር ያለቻት።

ደም የተቀዳላት ቀን ከአንድ ሰዓት በፊት የሚያደነዝዝ ቅባት ክንዷ ላይ ተቀባላት። አልጋ ላይ አላስተኟትም፣ ጭኔ ላይ ተቀምጣ አቀፍኳት። የቱ ክንድ እንደሚሆን እሷ መረጠች። ማየት ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም ተባለች፣ አልፈልግም አለችና የሳሙና አረፋ ስትነፋ ተቀዳላት። አለቀሰች፣ ትንሽ። እጇን ግን አላንቀሳቀሰችም። ከዚያ ወርዳ ለነርሷ አሻንጉሊቷን አሳየቻት።

ይህን ሙያ ከጀመሩት አንዷ እንደ እኛው ስደተኛ ናት። ኤማ ፕላንክ ትባላለች፣ ከቪየና የመጣች አስተማሪ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ክሊቭላንድ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ለተኙ ልጆች ጨዋታና ትምህርት የያዘ ክፍል ያቋቋመችው እሷ ናት። ያኔ ፈረንጆቹ ዘንድ ነገሩ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበር ብታውቂ! እንግሊዝ አገር ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ ወላጅ የተኛ ልጁን የሚያየው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር፣ እናት ከመጣች ልጁ ያለቅሳል፣ ይረበሻል እየተባለ። በ1959 የፕላት ሪፖርት የሚባለው ወጥቶ ነው ወላጆች በፈለጉት ሰዓት ይግቡ፣ እናትም ካስፈለገ ከልጇ ጋር ትደር ያለው። እኛ አገር ግን አስታማሚ ሳይኖር ማን ተኝቶ ያውቃል? እማዬ አንቺ ወባ ይዞሽ የተኛሽ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ወለሉ ላይ ጋቢ አንጥፋ ነበር የምታድረው። እነሱ በሪፖርት የደረሱበትን እኛ ስናደርገው ኖረናል። የጎደለን ጨዋታውና እውነቱን መንገር ነው።

ጨዋታውም ቢሆን አለን እኮ፣ ዕቃቃ ነው! በቆርኪ ወጥ ስንሠራ፣ በጨርቅ ልጅ ስናዝል አልነበር? የሐኪም ዕቃቃ በሉት። አሻንጉሊት ባይኖር ከአሮጌ ነጠላ ጠቅልለሽ ሥሪለት። ከፋርማሲ አዲስ ሲሪንጅ ግዢ፣ መርፌውን አንቺ አውጥተሽ ጣይው፣ ሲሪንጁን ብቻ ስጪው። የማደንዘዣው ማስክ እንዳያስደነግጠው የሃይላንድ ጫፍ ቁረጪና ጠርዙን በፕላስተር ሸፍነሽ አሻንጉሊቱ አፍ ላይ ያድርግለት፣ ከዚያ አንቺ ላይ፣ መጨረሻ ራሱ ላይ፣ ግን እምቢ ካለ አትጫኚው። ኦሞ በጥብጠሽ በእስክሪብቶ ቀፎ አረፋ አስነፊው። ለአረፋ ረጅም ትንፋሽ ያስፈልጋል፣ ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ሰውነቱ ይላላል፣ ሐሳቡም ወደ አረፋው ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን አደራ። አያምም አትበይው። እኔ ብያለሁ፣ ልጄ ለአንድ ዓመት አላመነችኝም። ሴትዮዋ ያስተማረችኝ እንዲህ ማለት ነው፤ «አንዳንድ ልጆች ጉንዳን እንደነከሳቸው ነው ይላሉ፣ አንተ ደግሞ ምን እንደሚመስል ትነግረኛለህ»። እዚህ ሰዎች ቁንጥጫ ይላሉ፣ እኛ ቤት ግን ቁንጥጫ ቅጣት ስለሆነ ተይው፣ ጥፋት አጥፍቼ ነው ብሎ እንዳያስብ። በነገራችን ላይ ብዙ ልጆች እንደዛ ነው የሚያስቡት። ቶንሲሉ የታመመው አይስክሬም ስለበላ ወይም እምቢተኛ ስለሆነ እንዳልሆነ ንገሪው፣ ሳይጠይቅሽ ንገሪው።

ስለ ማደንዘዣው ደግሞ ዝም ብለሽ «ያስተኙሃል» አትበይው። ጎረቤታችን ሲሞቱ ልጆቹን «ተኝተው ነው» አላልናቸውም? ማሙሽም ሰምቷል። የመድኃኒት እንቅልፍ ነው፣ ማታ እንደምትተኛው አይደለም፣ ምንም አይሰማህም፣ ሲጨርሱ ያነቁሃል፣ እኔን ታየኛለህ በይው። «ይቆርጡታል» ከማለትም «ያወጡልሃል» ይሻላል። ሲነቃ ጉሮሮው እንደሚያመው፣ እጁ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሊያገኝ እንደሚችል፣ መርፌው ግን ወጥቶ ቱቦው ብቻ እንደቀረ አሳውቂው። ሚጣ መርፌው እጄ ውስጥ ቀርቷል ብላ ነበር ያን ጊዜ እጇን ሙሉ ቀን ያላጠፈችው፣ እኔ ደግሞ ግትር ሆነች ብዬ ተቆጥቻታለሁ።

በዚያን ጠዋት ምግብ አይበላም፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ ሐኪሞቹ ይነግሩሻል፣ በደንብ ጠይቂ። ማሙሽን «እንደ እማማ ትጾማለህ» በይው፣ እሷ ፍልሰታን ጨርሳ እሱ በተራው ሲጾምላት ደስ ይለዋል። ወንድ ልጅ አያለቅስም እንዳትሉት ግን። አልቅሶም ጀግና ነው።

መቼ ልንገረው ላልሽኝ፣ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ ሳምንት ሲቀረው ይበቃል። ሦስት ዓመት ቢሆን ኖሮ አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነበር የምልሽ፣ ትንሽ ልጅ ብዙ ቀን ይዞት ሲብሰለሰል ይከርማል። ጨዋታውን ግን ከዛሬ ጀምሩት። ሲጫወት ደግሞ የሚለውን ስሚ፣ ሳይጠየቅ ፍርሃቱን ለአሻንጉሊቱ ይነግረዋል።

የሕፃኗ የ45 ቀን ክትባት ደርሶ የለ? እሷንም ጡት እያጠባሽ ታስከትቢያት እንደሆን ነርሷን ጠይቂያት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ምክር ነው፣ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ሆኖ እየጠባ ሲከተብ ሕመሙ ይቀንስለታል። ይህ ደግሞ ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው።

አንድ የሰማሁትን ልጨምርልሽ። አንድ የሕክምና መሣሪያ ንድፍ አውጪ፣ ዳግ ዲትዝ ይባላል፣ ራሱ ንድፉን ያወጣለትን ኤም.አር.አይ.፣ ማለት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳውን ትልቅ ማሽን፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ፈርታ ስታለቅስ አየና ልቡ ተሰበረ። ከዚያ ከሌሎች ጋር ሆኖ ፒትስበርግ ያለ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የምርመራ ክፍል የባሕር ወንበዴዎች መርከብ አስመስለው ቀቡ፣ ምርመራው ለልጆቹ የመርከብ ጉዞ ሆነ። ማሽኑ ያው ማሽን ነው። ይህን ስሰማ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ፣ አባዬ መብራት ሲጠፋ ግድግዳው ላይ በእጁ ጥላ ጥንቸል ሲሠራልን። ጨለማው ያው ጨለማ ነበር፣ ግን መብራቱ ሲመጣ እናዝን ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት በሚመጣ ሰው ዕቃ እልክልሻለሁ። ፊት የሌለው የጨርቅ አሻንጉሊት አለበት፣ ፊቱን ማሙሽ ራሱ ይሥራለት፣ እናንተ እንዳትነኩት። ሚጣም ፕላስተር ጨምራለታለች፣ ዳይኖሰር ያለበትን፣ እኔ አላልኳትም።

ነሐሴ 20 ጠዋት 2 ሰዓት ከገባችሁ እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ ፈረቃ ቀይሬ ነቅቼ እጠብቃለሁ። ከመግባቱ በፊት ደውዪልኝና ስልኩን ለእሱ ስጪው። እንቆቅልሽ እለዋለሁ። መልሱን ሲነቃ ይነግረኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ