የሶላር ሻጮች ስለ ውሃ መጥፋትም ይንገሩን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው።

አምና መጋቢት ላይ ልጄ ልትወልድ እኔ ዘንድ መጣች። አራስ ቤት ሙቅ ውሃ የግድ ነው። መብራት እንደሆነ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ ያጠራቀምኳትን አራግፌ ጣሪያዬ ላይ ውሃ የሚያሞቅ ሶላር አስገጠምኩ።

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ነጋዴ መብራት የሚያመነጨውን ፓኔል ገዝቼ በሱ ቦይለር እንዳሠራ ነበር የመከረኝ። የወንድሜ ልጅ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ "እትዬ፣ ይቅርብሽ" አለኝ። 150 ሊትር ውሃ ሙቀቱን በ30 ዲግሪ ለመጨመር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለ 400 ዋት ፓኔል ደግሞ ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን 2 ቢሰጥ ነው። እኔ ያስገጠምኩት ባለ መስታወት ቱቦ ሶላር ግን የፀሐዩን ሙቀት በቀጥታ ለውሃው ይሰጣል። ፓምፕ እንኳ አይፈልግም፤ የሞቀው ውሃ ስለሚቀል ራሱ ወደ ጋኑ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል።

ሠራ ታዲያ! ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቧንቧው እጅ ያቃጥል ነበር። አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይከፍት አልሄደም፤ የገንፎው ወሬ እንኳ ተረሳ። ሐምሌና ነሐሴ ለብ ቢል ነው፣ እሱን አልደብቅም።

ግንቦት ላይ ግን የቧንቧ ውሃ ለስምንት ቀን ጠፋ። ጋኑ ባዶ ሆነ። ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረችውም እየፈላች ጎደለች። በዘጠነኛው ቀን ልክ በ6 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ውሃው መጣ። ጣሪያው ላይ ጧ! ጧ! አለ። የጎረቤት ልጆች ማንጎዬን ሊያወርዱ ድንጋይ የወረወሩ መስሎኝ ወጥቼ ጮህኩባቸው። ውሃው በጣሪያው ጠርዝ ሲንዠቀዠቅ ነው የገባኝ። ከ15 ቱቦ 6ቱ ተሰንጥቀዋል። በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ! ስንት የመስታወት ሲሪንጅ የቀቀልኩ ሰው ይሄ ይጠፋኛል?

ሻጩ ጋ ብሄድ "ዋስትናው ይሄን አይጨምርም" አለኝ። ሲሸጥልኝ ግን ስለ ውሃ መጥፋት ትንፍሽ አላለም። በዚህ ከተማ ውሃ እንደሚጠፋ አያውቅም ልበል?

አሁን ባለ 500 ሊትር ሮቶ ከሶላሩ ጋን ከፍ አድርጌ ሰቅያለሁ፤ ሶላሩ የሚጠጣው ከሱ ነው። ሮቶው ካለቀ ቱቦዎቹን በሸራ እሸፍናለሁ። ውሃ ሲመለስ የምከፍተው ማታ ቱቦው ከበረደ በኋላ፣ ወይም ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ሻጮች ይህችን ነገር ከደረሰኙ ጋር ቢነግሩን ምን ይጎዳቸዋል?

ለልጆቹ አንድ ሳህን ማንጎ ልኬላቸዋለሁ። በአፌ ግን ይቅርታ አላልኳቸውም። እናታቸው ጋዜጣችሁን ስለምታነብ በዚሁ ታድርስልኝ።

አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከሽምብጥ