በደስታሽ ቀን የመጣ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ለቋታል።

ትናንት በስልክ ያልሽኝን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። አንደኛ መውጣትሽን ስትሰማ የጓደኛሽ ፊት ጠቆረ፤ ከዚያ ወዲህ ካፌ እንኳ አብራሽ አትገባም። "ድሮም እውነተኛ ጓደኛ አልነበረችም ማለት ነው?" አልሽኝ። በስልክ ተጣድፎ የሚመለስ ስላልሆነ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሰው ሁሉ ወዳጅ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው ይላል። እኔ ብዙም አይዋጥልኝም። በክፉ ቀን እኮ ሰው ይመጣል፣ ያውም ወሎ ውስጥ! ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም እድሩ፣ ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የተኳረፈው ሳይቀር መጥቶ ይቀመጣል። የቀረ ደግሞ ይቀጣል። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ታናሽ ወንድምሽን ያዘለልን ሰው ትዝ ይልሻል? ስሙን እስከ ዛሬ አናውቀውም። እድሜ ይስጠው፣ ደግ ሰው ነው። ጓደኛችን ግን አልነበረም። በደስታሽ ቀን የቀረውን ማንም አይቀጣውም። እኔ ሰውን የማየው እዚያ ላይ ነው።

የ2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀ ዕለት አስታውሺ። በአገር ደረጃ ያለፈው ከመቶ 3 አካባቢ ብቻ ነበር። አንቺ አለፍሽ። ፒያሳ አንድ ክፍል ውስጥ መኪና ለመኪና ገጥመን የምንሰፋው ጓደኛዬ፣ አንቺ ጋሼ የምትይው፣ የእሱ ልጅ ግን ለሬሜዲያል የሚበቃ ነጥብ እንኳ አላመጣም። ያን ማታ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ባይመጣም አልቀየመውም ነበር። መጣ። የሚለካበት ሜትር ከአንገቱ አልወረደም፣ ሸሚዙ ላይ ክር ተለጥፏል። "ማሻአላህ" ብሎ ግንባርሽን ሳመሽ። ከዚያ እዚያው በረንዳ ላይ አቁሞ ትከሻሽን፣ እጅጌሽን ለካ። ያ ሰማያዊ ኮት የዚያን ማታ ነው የተለካው።

አንቺ ያልሰማሽው ይህን ነው። በረካው እስኪደርስ ቁጭ ብሎ ቡናውን ጠጣ፣ ስሸኘው በር ላይ ቆመና "ወላሂ፣ አልዋሽህም፣ የልጄ ነገር አንጀቴን አቃጥሎታል። በሷ ግን ደስ ብሎኛል" አለኝ። ሁለቱም እውነት ነበር። ባይነግረኝ ኖሮ ሲስቅ አይቼ አስመሳይ ነው ወይ ብዬ እጠራጠር ነበር።

አርስቶትል የሚባለው የግሪክ ፈላስፋ ወዳጅነትን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ለጥቅም የሚወዳጁ፣ አብረው ሲሆኑ ስለሚጣፍጣቸው የሚወዳጁ፣ ሰውየው ራሱ መልካም ስለሆነ የሚወዱት። ሦስተኛው ጊዜ ይፈልጋል፤ አብረው ብዙ ጨው ሳይበሉ ሰዎች አይተዋወቁም ይላል። እኔና ጋሼሽ አንድ ላይ የበላነው ጨው በግመል የሚጫን ነው። አንቺና ጓደኛሽ ገና ሦስት ዓመታችሁ ነው፣ እሱም ግማሹ ፈተና።

ስለዚህ ቶሎ አትፍረጂባት። መከፋት ኃጢአት አይደለም፣ ጋሼሽም ከፍቶታል። እሷ ምናልባት የምትናገርበትን መንገድ አላገኘች ይሆናል። አንቺ ሂጂባት። ውጤትሽን አትደብቂ፣ ግን ደጋግመሽም አታንሺው። "ምነው ጠፋሽብኝ?" በያት በቃ። ከፍቶኝ ነበር ካለችሽ፣ ያቺን ልጅ አጥብቀሽ ያዣት። ስቃ ካለፈችና ከጀርባሽ የምታወራ ከሆነ ደግሞ፣ ሰላምታሽን አትንፈጊያት፣ ምስጢርሽን ግን ሰብስቢ። ደግሞ እሷ የተደሰተች ዕለት አንቺ የት እንደምትሆኚ ከአሁኑ አስቢበት። ይሄኛው ከእሷ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ከታረቃችሁ ለዕረፍት ይዘሻት ነይ። ጿሚ ትሁን ሙስሊም አስቀድመሽ ለእናትሽ ንገሪያት፣ እንድትዘጋጅ። የቆላ ልጅ ናት ብለሽኛል፤ ከኮምቦልቻ ሐረጎን መውጣት ስትጀምሩ ብርዱ ስለማይቻል ሹራብ በእጇ ትያዝ።

አባትሽ