ደንገሉ የጣና ነበር

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። በጣም ተጠፋፋን። ስልክ እያለ እንዲህ መራራቃችን ያሳዝነኛል። ይህን ነገር ግን በስልክ ማውራት አልፈለግሁም፤ ረጋ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

ያኔ ሐይቁ ዳር ሆነን የተከራከርነው ትዝ ይልሃል? «እኛ ከጥንት ሰዎች በጭንቅላት በልጠናል» ብለህ ድርቅ አልክብኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

አፋር ውስጥ ሄርቶ በሚባል ቦታ የተገኘው የጥንት ሰው የራስ ቅል 160,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የአንጎሉ መጠን 1,450 ሴንቲ ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። የዛሬ ሰው አማካይ 1,350 ገደማ ነው። መጠን ብቻውን ብልህነትን አይነግርህም፤ አንሰው ነበር ለማለት ግን ከዚህ መነሳት አትችልም። ጄምስ ፍሊን የተባለው ምሁር ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገር የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ውጤት በየ10 ዓመቱ ወደ 3 ነጥብ ሲጨምር እንደነበር አሳይቷል። ይህ አንተን የሚደግፍ ይመስላል። እሱ ራሱ ግን አያቶቻችን ደነዞች ነበሩ አላለም። ትምህርቱና የዘመኑ ኑሮ ፈተናው የሚፈልገውን አስተሳሰብ አለማመዱን እንጂ።

እኔን ያሳመነኝ ግን የገዛ ሐይቃችን ነው። ሰሞኑን አንድ አባት ታንኳ ሲያስሩ ቆሜ አየሁ። ሜትር የላቸውም፣ እርሳስ የላቸውም። ደረቁን ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበትን የውሃ ዳር ተክል፣ እያገላበጡ ይመርጣሉ። ጉልበታቸውን እስሩ ላይ ተክለው ገመዱን ይስባሉ፣ በመዳፋቸው ጫን ያደርጉታል፣ ካልጣማቸው ፈትተው እንደገና ያስራሉ። «በቃው» የሚሉት እጃቸው ሲነግራቸው ነው። የጣና ዳር ነዋሪዎቹ የነገደ ወይጦ ሰዎች ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርዱት ኖረዋል፤ የሚገባቸውን ክብር ግን ሰጥተናቸዋል አልልም።

ቶር ሃየርዳል የሚባለው ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» ብሎ የሰየማትን ጀልባ በደንገል አሠራ። ደንገሉ ከዚሁ ከጣና የሄደ ነው! የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች ግብፅ ውስጥ ሠሯት፤ ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክን ልታቋርጥ ወጣች። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ የተቆለመመውን የጀልባ ጅራት ወደ መሐል ወጥሮ የሚይዝ ገመድ አለ። የሃየርዳል ሰዎች ግን ለጌጥ ብቻ መስሏቸው ተዉት። ባሕር ላይ ጅራቷ ሰመጠ፣ ውሃ ገባባት፣ ባርባዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ። የገመዱ ሥራ ያኔ ነው የገባቸው። በዓመቱ ከቦሊቪያ የመጡ የአይማራ ባለሙያዎች ሁለተኛዋን ሠሩ፤ እሷ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

እስቲ አስበው፤ ያን ገመድ መጀመሪያ ያሰረው ሰው ስሙ እንኳ አይታወቅም። አይቶ፣ ሞክሮ፣ ማዕበል ቀጥቶት ነው የደረሰበት። ይህ ብልህነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እኛ የበለጥናቸው ብዙ ነገር ተሠርቶ ስለጠበቀን ነው።

አያትህ ታንኳ ያስሩ እንደነበር ነግረኸኛል። ደንገሉ መድረቁን በምን ያውቁ ነበር? ጫፉንስ እንዴት ነበር የሚያቆለምሙት? የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍልኝ። እናትህንም ጠይቅልኝ፤ እሳቸው ሳይሻል አይቀርም። እዚህ ካሉት አባት ጋር አብሬ ልጽፈው ነው።

ወንድምህ፣ ከባሕር ዳር