የማቅለጫ ክፍላችን ጣሪያ እንዲመለስ፦ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ደንበኞች እና ወዳጆች፤

የአንጥረኞች ማኅበራችን የጋራ የወርቅ ማቅለጫ ክፍል ጣሪያ በዝናብ መውደቁን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመጀመሪያው ጥሪ ያዋጣችሁት ገንዘብ ግድግዳውን አስጠግኗል፤ እንጨቱንም አስመትቷል። ቆርቆሮው፣ የጭስ መውጫው እና የኤሌክትሪክ መስመሩ ግን ገንዘብ በማለቁ ቆመዋል። ደጋግሞ መለመን ለለማኙም ለተለማኙም እንደሚሰለች እናውቃለን። ቢሆንም ክፍሉ ተዘግቶ በቆየ ቁጥር ለዓመታት የደከምንበት ነገር እየተሸረሸረ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልንም።

ወርቅ ከቀለጠ በኋላ አገሩን አይናገርም። በባዚቃ (በሜርኩሪ) ከአፈሩ የተለየው፣ ሕፃን የቆፈረው፣ በጠመንጃ የተነጠቀው እና በንጹሕ መንገድ የወጣው በአንድ ማቅለጫ ከተቀላቀሉ የሚለያቸው ዓይን የለም። ምንጩ የታወቀ ጌጥ እንሠራለን የምንል አንጥረኞች መተማመኛችን እሳቱ ከመለኮሱ በፊት መዝገብ ላይ የሰፈረው ነው። በመዝገባችን እያንዳንዱ ቅላጤ የራሱ መስመር አለው፤ ወርቁ ከማን እንደተገዛ፣ የጥቅል ቁጥሩ፣ የገባው ክብደት፣ የወጣው ክብደት፣ የጎደለው፣ በመጨረሻም የሁለት ሰው ፊርማ። ጥቂት መጉደሉ ያለ ነው፤ እድፉ ይቃጠላል፣ ጥቂት ብናኝም በማቅለጫው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ክብደቱ ጨምሮ ከወጣ ግን ባዕድ ነገር ገብቶበታልና ለብቻው ይቀመጣል፤ የማኅበሩ ማኅተምም አያርፍበትም።

ዛሬ አባሎቻችን ወርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ማቅለጫ ቤት ለመሄድ ተገድደዋል። እዚያ የብዙ ሰው ወርቅ በአንድ ላይ ይቀልጣል፤ የገባውና የወጣው አንድ ስለመሆኑ ማንም አይፈርምም። ስለዚህ ኮሚቴው ማኅተሙን ቆልፎበታል። ውሳኔው መራራ መሆኑን፣ ትእዛዝ ያመለጣቸው አባላት እንዳሉም አንክድም። ምንጩን ባላረጋገጥነው ጌጥ ላይ ማኅተም ከማሳረፍ ግን ይሻላል።

መዋጮው የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ታትሟል።

«የቀድሞው ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። ሒሳቡ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ተነብቦ ጸድቋል፤ ያልተገኙ እንዲያውቁት ግን እንደግመዋለን። ከግድግዳውና ከእንጨቱ ሌላ፣ ከፊሉ ለጭስና ለአቧራ መምጠጫው ወጥቷል። ካድሚየም የተባለ ማዕድን ያለበት መበየጃ ቶሎ ስለሚቀልጥ ሠሪ ይወደዋል፤ ጭሱ ግን ሳንባንና ኩላሊትን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ለጌጣጌጥ እንዳይውል ያገደው ስለዚህ ነው። እኛም ከጠረጴዛችን አስወግደነዋል፤ ለማጽጃ የምንጠቀምበትን ሰልፈሪክ አሲድም በሲትሪክ አሲድ ተክተናል። የቀረው የመወልወያው ብናኝ ነበር። «ከመምጠጫው በፊት ጣሪያ» ለሚሉን፣ ያን ብናኝ በየዕለቱ የሚተነፍሰው ሰው የሚለወጥ ሳንባ የለውም እንላለን።

ሌላው ወጪ ያለ ባዚቃ ለሚሠሩ ማዕድን አውጪዎች የከፈልነው ጭማሪ ነው። ይህኛው ብዙ አነጋግሯል። ወርቁን በባዚቃ አጣብቆ በእሳት ማትነን ቀላልና ፈጣን ነው፤ ትነቱ ግን በአውጪው ሳንባ፣ ከዚያም በወንዙና በዓሣው ውስጥ ይገባል። ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ባዚቃ ትልቁን ድርሻ የያዘውም ይኸው አነስተኛ የወርቅ ማውጣት ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ስለ ባዚቃ የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የሚናማታ ስምምነት፣ አገሮች ይህን እንዲቀንሱ ይጠይቃል። ያለ ባዚቃ መሥራት ደጋግሞ ማጠብን፣ ከዚያም ቦራክስ በተባለ ጨው ማቅለጥን ይፈልጋል፤ ጊዜና ጉልበት ይበላል። ያን ጉልበት ገዢው ካልከፈለው ማን ይክፈለው?

«አሮጌ ወርቅ ብቻ ብትሠሩስ?» ላላችሁን፣ አሮጌ ወርቅም እንሠራለን። በመዝገባችን የሚሰፍረው ግን «ያገለገለ» ተብሎ ነው፤ መጀመሪያ ከየት እንደወጣ ስለማናውቅ ከዚያ ያለፈ ቃል አንሰጥም። ወረቀት አለው ማለትም ብቻውን አይበቃንም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው የኪምበርሌይ ሂደት የተባለው ዓለም አቀፍ የአልማዝ ምስክር ወረቀት አሠራር የሚከለክለው የአማፂያን ጦርነት የሚደጎምበትን ያልተወለወለ አልማዝ ነው፤ የቆፋሪውን ደመወዝ አይመለከትም። እኛ ደግሞ ቆፋሪውንም እንጠይቃለን።

ሚዛን ማጉደል በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የተወገዘ ነው። የጌጥን ምንጭ ሸሽጎ መሸጥም ከዚያ ብዙ የራቀ አይመስለንም። ከእኛ የገዛ ሁሉ ይህን አምኖ ነው የገዛው፤ አደራው የጋራ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላልና መጠኑ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቅሩ።

ገንዘብ ያልተመቸው ቆርቆሮ፣ ምስማር ወይም የአናጢና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉልበት ቢሰጥ ደስ ይለናል። ወርቅ ወይም ብር ለመለገስ ያሰባችሁ ግን ከየት እንዳገኛችሁት በጽሑፍ ግለጹልን። ስጦታም ቢሆን ያለ ምንጭ ወደ መዝገባችን አይገባም።

በድጋሚ፦ ክፍያው በአባልነት ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ባለው የማኅበሩ ሒሳብ ነው። ደብተር የሌላችሁ ደንበኞች ቁጥሩን ማኅተም ባለበት የግዢ ደረሰኛችሁ ግርጌ ታገኙታላችሁ። በማንኛውም ግለሰብ ስም ለተከፈተ ሒሳብ፣ የኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ አታስገቡ። በምክንያት ቦታው «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ የባንኩን ደረሰኝ ቅጂ ለገንዘብ ያዡ አድርሳችሁ የማኅበሩን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

የማኅበሩ አስተባባሪ ኮሚቴ