ለወሎ የግዥ ኃላፊዎች፦ «ፎር ዊል» ብቻ ብላችሁ አትግዙ

በደቡብና በሰሜን ወሎ የመንግሥት ተሽከርካሪ ግዥ ለምትመሩ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ደሴ ውስጥ መኪና የምጠግን መካኒክ ነኝ። ወደ ጋራዥ ከሚመጣልኝ ብዙው የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ነው። ስለዚህ የማወራችሁ ስለማውቀው ነገር ነው፤ ስለ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) እና ስለ ማርሽ።

አብዛኛው የጨረታ ሰነድ «ደብል ጋቢና፣ ናፍጣ፣ ፎር ዊል» ይልና ያልፋል። የወንበሩ ጨርቅና የሬዲዮው ዓይነት ግን በዝርዝር ይጻፋል። ተሳስቶ የተገዛ ሬዲዮ ደላንታ ላይ ማንንም መንገድ አያስቀርም። ዲፈረንሻል ግን ያስቀራል።

«ፎር ዊል ሆኖ እንዴት ይቆማል?» የሚል አይጠፋም። ይቆማል እንጂ! ተራ ዲፈረንሻል ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል ጉልበት ነው የሚያካፍለው። አንደኛው ጎማ ጭቃ ላይ ከተንሳፈፈ ለመዞር የሚበቃው ጉልበት ኢምንት ነው። ደረቅ መሬት ለያዘው ጎማም የሚደርሰው ያችው ኢምንት ናት። እንግዲህ ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ደግሞ በሰያፍ ሌላ አንድ ጎማ መያዣ ካጡ፣ ፎር ዊል የተባለው መኪና እዚያው ቆሞ ጭቃ ይረጫል። የጃማን ዋልካ በነሐሴ ያየ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም።

መፍትሔው የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ ነው። ቁልፉን ስትጫኑት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ መሬት የያዘው ጎማ መኪናውን ይዞ ይወጣል። ችግሩ፣ አንድ ስም ያለው ሞዴል ሆኖ አንዱ ደረጃ ሎክ አለው፣ ሌላው የለውም። ሰነዱ ካልጠየቀ ደግሞ ሻጩ የሌለውን ቢያመጣ ማን ይፈርድበታል? «ሊሚትድ ስሊፕ (የአንዱን ጎማ መንሸራተት በከፊል የሚገታ ዲፈረንሻል) አለው» ቢላችሁ፣ ከተራው ይሻላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሚሠሩት በፍሪሲዮን ሸራ ስለሆነ እያደር ይበላሉ፣ የራሳቸውን ዘይትም ይፈልጋሉ። አንድ ጎማ አየር ላይ ከቀረማ ብዙም አያድኑም። ትራክሽን ኮንትሮል የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን እየያዘ ያግዛል። ግን ጎማው አስቀድሞ መንሸራተት አለበት፤ ድካሙም በፍሬኑ ላይ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ከሁለቱም በፊት ሎክ እላለሁ።

አሁን ወደ ማርሹ። ዲፈረንሻል ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ባለ ጥርስ ማርሽ አለ። ትልቁ 41፣ ትንሹ 10 ጥርስ ካለው ቁጥሩ 4.1 ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ጉልበት ያገኛል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። ዝቅ ሲል በተቃራኒው ነው። አንደኛ ማርሹ 4.3፣ ፎር ሎው (ለከባድ መንገድ ጉልበት የሚጨምረው ዝቅተኛው የፎር ዊል ማርሽ) 2.5፣ ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ ሲባዛ 44 ይመጣል፤ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ ሲደርስ 44 እጥፍ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ዲፈረንሻሉን ብቻ 3.5 አድርጉት፤ 38 አይሞላም። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ጭኖ ወደ በሽሎ ሸለቆ ለሚወርድ ሹፌር ግን ትልቅ ነው፤ መኪናውን ሞተሩ ይይዝለታል ወይስ ፍሬኑ እስኪሸት ይረግጣል? ዐፄ ቴዎድሮስም ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲወስዱ ያስቸገራቸው አቀበቱ ብቻ አልነበረም፤ በጅዳና በበሽሎ ቁልቁለቱም ነበር።

ከፍታውንም አትርሱ። ደሴ ራሷ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ (አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) የሌለው ናፍጣ ሞተር ጉልበቱ በግልጽ ይወርዳል። ባለ ተርቦ ይሻላል።

ሌላው ጣጣ የጎማ ነው። «ከፍ እንዲል» ተብሎ ባለ 29 ኢንቹ ጎማ ወጥቶ ባለ 31 ይገባል። ያን ጊዜ 4.1 የነበረው ዲፈረንሻል እንደ 3.8 መሥራት ይጀምራል። አቀበቱ ይከብዳል፣ ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል፣ የፍጥነት ቆጣሪውም ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል። ትልቅ ጎማ ከተፈለገ 4.3 ዲፈረንሻል አብሮ ይታሰብ።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ «ፎር ሲገባ ይጎትታል» ተብሎ መጣ። ዘይቱን ሳወርደው አመድማ ሆኗል፤ በጣቴ ስነካው የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። የኋላው ዲፈረንሻል ተበላሽቶ ያገለገለ ገዝተው ቀይረውለታል። ጥርሱን ስቆጥር የፊቱ 4.1፣ የኋላው 3.9 ነው። ፎር ሲገባ የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ሊዞሩ ይታገላሉ፤ የሚሰበረው ደግሞ በመሐል ያለው ማከፋፈያ ካምቢዮ ነው። ያን ያገለገለ ዕቃ የገዛው ሰው ቁጥሩን ቢጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ አይመጣም ነበር።

ቁጥሩን ለማወቅ ዲፈረንሻሉን መፍታት ግድ አይደለም። ሎክ ሳይገባ ካምቢዮውን ዜሮ አድርጉ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሱ፣ የፊቶቹን በድንጋይ አግዱ። ጎማውና ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ጎማዎች እኩል አንድ ዙር አዙሩና ዘንጉ ስንት እንደዞረ ቁጠሩ። አራት ዙር ሞልቶ ትንሽ ካለፈ፣ 4.1 አካባቢ ነው። መኪና ስትረከቡ ይሄን ለማየት ሩብ ሰዓት ይበቃል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። ለገጠር ወረዳ በሚገዛ ፒክአፕ ሰነድ ላይ የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ ግዴታ ይሁን። የዲፈረንሻሉ ቁጥር፣ የፎር ሎው መጠንና የጎማው ልክ በቁጥር ይጻፉ። ያገለገለ ዲፈረንሻል ሲገዛም የፊቱና የኋላው ቁጥር አንድ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ለሁሉም መኪና አላልኩም። አዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመላለሰው መኪና 4.3 ቢደረግለት አስፋልቱ ላይ ሞተሩ ሲጮህና ናፍጣ ሲጨርስ ይውላል። ለእሱ ዝቅ ያለው ይሻለዋል።

ሹፌሮቹንም አስቡ። ሎክ ገብቶ አስፋልት ላይ የሚጠመዘዝ መኪና ዕቃ ይሰብራል። ብዙዎቹ ፒክአፖች ላይ ፎር ራሱ ደረቅ አስፋልት ላይ አይነዳም። ስለዚህ ቁልፉ አጠገብ በአማርኛ የተጻፈ አጭር ማሳሰቢያ ይለጠፍ፤ ከሐረጎ በታች ኮምቦልቻ እስኪገባ ድረስ ፎር ላይ ረስቶት የሚነዳ ሹፌር አለና።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደሴ መካኒክ