የሳተላይት ሬዲዮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፈው ያለ ምንም ሬዲዮ ነው። ሳተላይት የት እንዳለች ያላወቀ ሰው ሊያዳምጣት አይችልምና ሥራውን ከመከታተል ጀመርን። ለዚህ ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ የሚያህል የለም። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን በ90 ደቂቃ አካባቢ ይዞራል፤ እኛ ዘንድ ጀምበር ጠልቃ እሱን ገና ፀሐይ ስታገኘው ደግሞ በዓይን ይታያል። ጂፕሬዲክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም በስንት ሰዓት ከየት እንደሚወጣ፣ እስከ ስንት ዲግሪ ከፍ እንደሚልና የት እንደሚጠልቅ ያሰላል። ስሌቱ የተመሠረተው በሁለት መስመር ቁጥሮች በተጻፈ የምሕዋር መረጃ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ ያለው ስስ አየር እንኳ ጣቢያውን እየጎተተ ስለሚያወርደውና በሞተር መልሶ ስለሚነሣ፣ መረጃውን ቶሎ ቶሎ ማደስ ያስፈልጋል።

ሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም አደናገረ። ፕሮግራሙ የሚናገረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ ሌላ 6 ሰዓት ያዞረዋል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነገሩን አቀለለችው፦ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ 3 ቀንሱ፣ አለቀ። 15፡40 ሲል ለእኛ ከምሽቱ 12፡40 ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ስሌት በክፍሉ ሰሌዳ ጥግ ላይ ተጽፎ ይኖራል። የሰማዩን ከፍታ የለካነው በእጃችን ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከአንድ ጭብጥ በታች የሚያልፈውን ጉዞ ሕንፃና ተራራ ስለሚጋርዱት ከዕቅዳችን አወጣነው።

ወደ ማዳመጥ ያሸጋገረን በየሰፈሩ ጣሪያ ላይ የምናየው የቴሌቪዥን ዲሽ ነው። ኤስሃይል-2 የተባለችው የኳታር ሳተላይት በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ከቦታዋ አትነቃነቅም። በውስጧ ለአማተር ሬዲዮ ሰዎች፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለግል ፍላጎታቸው በሬዲዮ ለሚነጋገሩ፣ የተተወ ማስተላለፊያ አለ፤ ከምድር ጋር እኩል በሚዞር ሳተላይት ላይ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያለ ሰው በእሱ በኩል ይነጋገራል፣ ኢትዮጵያም መሀል ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ሲታይ አቅጣጫዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ከፍታዋ ከ70 ዲግሪ በላይ ነው፤ ዛፍም ፎቅም አይጋርዳትም። ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት ከዚህች ሳተላይት ቢጀምር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አስተማሪ የሆኑት ከትምህርት በኋላ ከታላላቆቻቸው ጋር ዲሽ የሚያስተካክሉ ሁለት ልጆች ናቸው። በክፍል ውስጥ ዝምተኞች ነበሩ። ዲሹን ከናይልሳት አንሥተው፣ በሪሲቨሩ የዓረብሳትን ቻናሎች እየፈለጉ 26 ዲግሪ ላይ አቆሙት፤ ባድር የተባሉት የዓረብሳት ሳተላይቶችም እዚያው ስለሆኑ ቻናሉ ከገባ ዲሹ ደርሷል ማለት ነው። ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው መቀበያ ራስ፣ ኤል ኤን ቢው፣ ከሚመጣው 10,489.75 ሜጋኸርትዝ ላይ 9,750 ሲቀንስ በገመዱ የሚወርደው 739.75 ይሆናል፤ ይህን ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ ያነበዋል። ኤል ኤን ቢውን በኃይል የሚመግበው ያው አሮጌ ሪሲቨር ነው፣ ቨርቲካል ቻናል ላይ ቆሞ። ገመዱን ለሪሲቨሩና ለመቀበያው የሚከፍለው ስፕሊተር ግን ኃይሉን በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ቮልቴጁ መቀበያውን ያቃጥለዋል።

የመጀመሪያው ድምፅ ሲገባ በክፍሉ ውስጥ የተነሣው ጩኸት ርእሰ መምህሩን ከቢሯቸው አስወጥቷል። ተማሪዎቹ የጥሪ ምልክቶችን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ተናጋሪ መለያ፣ መመዝገብ ጀመሩ፤ መጀመሪያው አገሩን ይናገራል፦ ዲ ኤል ጀርመን፣ ዜድ ኤስ ደቡብ አፍሪካ፣ ፒ ዋይ ብራዚል። የእኛ ኢ ቲ ነው፤ በአውሮፕላኖቻችን ጭራ ላይ ስለሚያዩት ወዲያው አወቁት። ከሁሉ የወደድኩት ሥራ ግን የ11ኛ ክፍሎቹ ነው። ኤል ኤን ቢው በፀሐይ ሲሞቅ የጣቢያዎቹ ቦታ በላፕቶፑ ላይ እንደሚንሸራተት አስተውለው፣ ከሳተላይቷ የማያቋርጠውን መለያ ምልክት እንደ መነሻ ይዘው ከጠዋት እስከ ቀትር ያለውን ለውጥ በግራፍ አወጡ። ግራፉ በሳይንስ ዐውደ ርእያችን ላይ ቀርቧል።

ኤስሃይል-2 የመጠቀችው ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ኦስካር 7 የተባለችው አሮጌ የአማተር ሳተላይትም የመጠቀችው ኅዳር 6 ቀን ነው፣ ግን በ1967 ዓ.ም.። ባትሪዋ በ1973 ዓ.ም. ተበላሽቶ ዝም አለች። በ1994 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሳይታሰብ እንደገና ተሰማች፤ የተበላሸው ባትሪ ከኤሌክትሪክ ዑደቷ ሲለያይ ከፀሐይ ሰሌዳዎቿ በቀጥታ ኃይል ማግኘት ችላ ነበር። ስለዚህ የምትሠራው ፀሐይ ሲያርፍባት ብቻ ነው። የሞርስ ምልክቷን ስንሰማ ልጆቹ ከአብዛኞቹ ወላጆቻቸው በዕድሜ እንደምትበልጥ አሰሉ።

የጠፈር ጣቢያውን ለማዳመጥ ዲሽ አይሆንም፤ አንቴናውን በእጅ ይዞ ሰማይ ለሰማይ መከተል ያስፈልጋል። ያጊ አንቴና ከፒ ቪ ሲ ቱቦና ከብረት ሜትር ሠራን፤ ረጅሙ ዘንግ ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አንድ ሰው አንቴናውን ያዞራል፣ አንዱ ሰዓትና አቅጣጫ ይጠራል፣ አንዱ ፍሪኩዌንሲውን ያስተካክላል። ጣቢያው የአማተር ሰዎችን ንግግር ተቀብሎ መልሶ በሚያሰራጭበት 437.800 ሜጋኸርትዝ፣ ሲመጣ ፍሪኩዌንሲው እስከ 10 ኪሎኸርትዝ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሲርቅ ያንኑ ያህል ይወርዳል። ይህን ለውጥ፣ ዶፕለርን፣ ከመጽሐፍ ሳስተምር እንዲህ ሲገባቸው አይቼ አላውቅም። ጣቢያው አንዳንዴ በ145.800 ላይ ሥዕል በድምፅ መልክ ይልካል፤ አንዱን ለመቀበል 2 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የተቀበልናቸው ሥዕሎች በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተለጥፈዋል፤ አንቴናው ከአቅጣጫው የወጣበት ቦታ ሁሉ በነጠብጣብ ተሞልቶ ይታያል።

አንድ ነገር ደጋግመን ታዘብን። ጣቢያው ወደ ሰሜን ሲርቅ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሰዎች ድምፅ ይበዛል፤ በአናታችን ላይ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ጸጥታ ነው። በአካባቢያችን የሚናገር የአማተር ሬዲዮ ሰው ጥቂት ነው። ማሰራጨት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ስለሚጠይቅ እኛም ዓመቱን ሙሉ ያዳመጥን እንጂ የተናገርን አይደለንም። በሚቀጥለው ዓመት 5 ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ፣ ለመጎብኘት እንጠይቃለን። የ11ኛ ክፍሎቹም ለፈቃድ የሚያዘጋጃቸውን ትምህርት በክረምቱ ይጀምራሉ።

አዲስ አባላትን መስከረም ላይ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እንመዘግባለን። ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ሪሲቨር ወይም ኤል ኤን ቢ ያለው ይዞ ይምጣ።