የጓንታናሞው አብራሪ ስም አይዘለል

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት በተካሄደ የጥያቄና መልስ ውድድር «ወደ ጠፈር የተጓዘው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ልጁ «አርናልዶ ታማዮ ሜንዴስ» ብሎ በመመለሱ ነጥብ አጣ። ትክክለኛ ተብሎ የተነበበው የአሜሪካዊው የጋይ ብሉፎርድ ስም ነበር። ማታ ቤት ሲገባ «አባባ፣ ተሳስተህ ነው እንዴ የነገርከኝ?» አለኝ።

አልተሳሳትኩም። ብሉፎርድ አንቱ የተባሉ የአየር ኃይል አብራሪ ቢሆኑም ወደ ጠፈር የወጡት በነሐሴ 1975 ዓ.ም. ነው፤ የኩባው አብራሪ ታማዮ ግን መስከረም 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ከሶቪየቱ ጠፈርተኛ ከዩሪ ሮማኔንኮ ጋር በሶዩዝ 38 መንኩራኩር ከባይኮኑር ማምጠቂያ ጣቢያ ተነሥተው፣ በሳልዩት 6 የጠፈር ጣቢያ የስኳር ክሪስታል አፈጣጠርን ጨምሮ ልዩ ልዩ ምርምር አካሂደው፣ ምድርን 124 ጊዜ ዞረው ተመልሰዋል። ለኩባም፣ ለመላው የጥቁር ዘርም የመጀመሪያው ናቸው።

እኔ በኦጋዴን ጦርነት አባቶቻቸውን አጥተው ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነኝ። በዚያ ሰሞን በወጣቶች ደሴት ግማሹን ቀን እየተማርን፣ ግማሹን በግሬፕፍሩት እርሻ እንሠራ ነበር። ዜናው በቴሌቪዥን ሲነገር የምግብ አዳራሹ ወጥ ቤት፣ ጥቁር ሴት ወይዘሮ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጥተው ማልቀስ ጀመሩ፤ ያ መልካቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። መምህራችን የታማዮን ሕይወት የነገሩን ያን ጊዜ ነው፦ በጓንታናሞ ተወልደው፣ በጨቅላነታቸው ወላጅ አጥተው፣ ሊስትሮ ሆነውና አትክልት ሸጠው ያደጉ፣ በኋላም አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኩባ በተተከሉ ሚሳይሎች ሳቢያ በተፋጠጡበት የሚሳይል ቀውስ ወቅት 20 የቅኝት በረራ ያደረጉ ሰው መሆናቸውን ሰማን። አባት ለሌለን ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደነበር ለመግለጽ ዛሬም ቃል ያጥረኛል። ወደ ምድር የተመለሱት መስከረም 16 ቀን ሲሆን፣ የአገራችንን ቀን ሳያቋርጥ ይቆጥር የነበረ አንድ ጓደኛችን «ዛሬኮ ደመራ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ተያይተን ዝም አልን።

የብሉፎርድ ክብር አይነካ፤ ከአፍሪካ አሜሪካውያን የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። የታማዮ ስም ግን በጋዜጣችሁ በግልጽ እንዲጻፍ፣ የውድድር ጥያቄ የሚያዘጋጁ መምህራንም መልሱን እንዲያርሙ በትሕትና እጠይቃለሁ። የልጅ ልጄ ጋዜጣውን ይዞ ወደ ክፍሉ ለመሄድ እየጠበቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ